«በጥፍሬ ነው የምለየው»፦ ምንነቱ ያልታወቀ እርሳስ እያቀለጣችሁ ከሆነ ይህን አንብቡ

ዛሬ የማወራችሁ ጨጓራ ነው ብዬ ስለተሳሳትኩበት አንድ ሕመም ነው።

በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ አንድ አባት ሆዱን ይዞ መጣ። ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ራስ ምታትና ድካም አለው። ከዚያ በፊት የታይፎይድ መድኃኒት ወስዶ ለውጥ አላየም። እኔም የጨጓራ መድኃኒት ጽፌ ሸኘሁት። ተመልሶ መጣ፣ መድኃኒቱን ቀየርኩለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩት። «ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሞርሴቶ እሠራለሁ» አለኝ። ከቁራሌዎች እርሳስ እየገዛ፣ ግቢው ውስጥ በከሰል እያቀለጠ፣ ለመኪና ባትሪ ሞርሴቶ ያወጣል። «ግን ዶክተር፣ እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ዝም ብዬ አላቀልጥም። ንጹሑን በጥፍሬ ነው የምለየው» አለኝ።

እስቲ በዚህች ንግግር እንነጋገር። ግማሹ እውነት ነውና።

(በነገራችን ላይ እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ የእርሳስ መርዝ የለውም። እኔ የማወራው ስለ ከባዱ ብረት ነው።)

👉 በእጅና በዓይን ምን ያህል መለየት ይቻላል?

ቁራሌው የሚያመጣው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። የባትሪ ሳህን አለ፣ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈው ቁራጭ አለ፣ የድሮ ቧንቧ አለ፣ ስታኞ አለ። የሚከተሉት ነገሮች የተወሰነ ፍንጭ ይሰጣሉ።

1. ጥፍር፦ ንጹህ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በጥፍር ይጫራል። አንቲሞኒ የተቀላቀለበት ደግሞ ጠንከር ይላል፣ ጥፍር በቀላሉ አይዘውም። ታካሚዬ የሚያውቀው ይህንን ነው፣ ልክም ነው።

2. ክብደት፦ እርሳስ ከመጠኑ በላይ ከባድ ነው። 1 ኪሎ ንጹህ እርሳስ ውኃ ውስጥ ቢነከር ውኃውን 88 ሚሊ ሊትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። 1 ኪሎ ዚንክ ግን 140 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። መሐል ላይ ከሆነ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። (የሚለካበት ዕቃ ወደ ኩሽና አይመለስም! የተነከረውም ቁራጭ ጨርሶ ሳይደርቅ ወደ ማቅለጫው አይገባም።)

3. ሙቀት፦ ቆርቆሮ የሚባለው ብረት በ232፣ እርሳስ በ327፣ ዚንክ በ420፣ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። ሌላው ቀልጦ ከላይ ተንሳፎ የቀረ ቁራጭ ካለ እርሳስ አይደለም ማለት ነው።

ማግኔት እዚህ ብዙም አይረዳም። የብረት ቁርጥራጭን ይለያል እንጂ እርሳስን ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም አይለይም። ሦስቱንም አይስብም።

👉 ጥፍር የማይነግረን

ባትሪ ሳህን ውስጥ ከእርሳሱ ጋር አንቲሞኒ፣ ካልሲየም፣ አንዳንዴም ትንሽ አርሴኒክ ሊኖር ይችላል። ይህን በእርግጠኝነት የሚናገረው የብረትን ይዘት የሚያነብ መሣሪያ ብቻ ነው፣ ዓይንም ጥፍርም አይደለም። ከላይ የሚገፈፈው የእርሳስ አር አርሴኒክና አንቲሞኒ ኖሮበት እርጥበት ሲያገኝ እጅግ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ጋዙ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ሽንቱ የጠቆረ ወይም የቀላ ሰው ካለ ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ሐኪም ጋ!

«አልቀልጥ አለኝ» ብሎ እሳት መጨመር ሌላው አደጋ ነው። እርሳሱ በጋለ ቁጥር ጭሱ ይጨምራል። ዚንክ ደግሞ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ከሰዓታት በኋላ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ስለዚህ ተንሳፎ የቀረውን አታስገድዱት፣ አውጡት።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው። ታካሚዬ «ንጹህ» ብሎ የሚመርጠው፣ በጥፍር የሚጫረው፣ ከሁሉም በላይ እርሳስ የሞላበት ነው። ለሥራው ንጹህ ይሁን፤ ለሰውነት ግን ንጹህ እርሳስ የሚባል ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት እንደማያመጣ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል።

👉 እንዴት ይገባል? ምንስ ያደርጋል?

በጭስና በአቧራ እንተነፍሰዋለን፤ ሳንታጠብ ስንበላና ሲጋራ ስንይዝ ደግሞ እንውጠዋለን። ከዚያ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። በአዋቂ ላይ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ራስ ምታት፣ ንዴት፣ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ጉዳትና የመውለድ ችግር ያመጣል። «ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፈውም ለዚህ ነው።

ልጆች ላይ ይብሳል። ከዋጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው ከአዋቂው እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ አእምሯቸውም ገና እያደገ ነው። በነፍሰ ጡር እናት ደግሞ አጥንቷ ውስጥ የከረመው እርሳስ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል።

ይህ ተረት አይደለም። ሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞተዋል። ምክንያቱ ሲጣራ ሰፈሩ ውስጥ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ የማውጣት ሥራ አፈሩን በክሎት ተገኘ። ልጆቹ አንዳቸውም እርሳስ አላቀለጡም።

👉 «ግን እኮ ወተት እጠጣለሁ»

ይህን በየጋራዡና በየቀለም ቤቱ እሰማዋለሁ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ካልሲየምና አይረን የሚጎድለው ሰው እርሳስ ይበልጥ ስለሚመጥ በደንብ መብላት ይጠቅማል። ግን ወተት የተነፈሳችሁትን እርሳስ አጥቦ አያወጣም። ሳንባ ውስጥ የገባ ጭስ ወተቱን አያገኘውም። ወተቱን ጠጡ፤ እንደ መከላከያ ግን አትቁጠሩት።

👉 ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ የባትሪ ሳህን ቤት ውስጥም ግቢ ውስጥም አታቅልጡ። ምንነቱን ያላወቃችሁትንም ተዉት።

✅ ማቅለጫው ከመኖሪያ ቤት የራቀ፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አጠገቡ አይድረሱ።

✅ እርጥብ ቁራጭ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ አትጨምሩ። ውኃው በቅጽበት ተኖ እርሳሱን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል።

✅ የጨርቅም ሆነ የሆስፒታል ማስክ የእርሳስ ጭስ አያቆምም። ለብረት ጭስ የተሠራ፣ ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው።

✅ በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

✅ የሥራ ልብስና ጫማ ቤት አይግባ፣ ከልጆች ልብስ ጋርም አይታጠብ። ልጃችሁን ከማቀፋችሁ በፊት ታጥባችሁ ቀይሩ።

✅ እርሳስ የቀለጠበት ድስት ዳግመኛ ምግብ አይሠራበትም።

✅ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሥራችሁን ተናገሩ፣ ባትጠየቁም! የደም እርሳስ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ይችላል፣ ግን መኖሩን ማወቅና መጠየቅ ያስፈልጋል። ውጤቱ በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት። ከፍተኛ ሲሆን እርሳሱን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ እሱንም የሚያዘው ሐኪም ነው። «መርዝ የሚያጥብ» ተብሎ የሚሸጥ ሻይ ላይ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ወደ ታካሚዬ ልመለስ። ሊሄድ ሲነሳ «ማቅለጫው የት ነው?» አልኩት። «ኩሽናው በር ላይ» አለኝ። «ልጅ አለዎት?» ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ እዚያው ነው የምትጫወተው» አለኝ። በማግስቱ ይዟት መጣ። የሁለቱም ደም ተመረመረ፣ የሁለቱም ከፍ ያለ ነበር። ማቅለጫው ከግቢው ወጥቷል፣ የግቢው አፈር ከላይ ተነስቷል፣ ሁለቱም በክትትል ላይ ናቸው። እሱ ሆዱ ተሽሎታል። የልጅቷን ግን በጊዜ ነው የምናየው።

እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሆድ ቁርጠት ይዞ የመጣን ሰው ሥራውን ሳልጠይቅ መድኃኒት አልጽፍም።

ጋራዥ የሚሠራ፣ ባትሪ የሚጠግን፣ ብረት የሚያቀልጥ ወንድም ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን ላኩለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።