ቀጭን ቱቦ ስንት ባር ይችላል?

በጅሬን ጋራ ዙሪያ የተለቀመ ቡና ምን ያህል ካፌይን እንዳለው ለማወቅ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው። ቡናው ይፈጫል፣ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ተጣርቶም ከውኃና ከሜታኖል ቅልቅል ጋር ደቃቅ ቅንጣቶች በታጨቁበት ዓምድ ውስጥ በፓምፕ ይገፋል። ተለይቶ የሚወጣው ካፌይን በ273 ናኖሜትር አካባቢ ባለ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይለካል። ኬሚስቶች ስለ ዓምዱ ብዙ ጽፈዋል፤ እኛ የፊዚክስ ሰዎች ግን ዓይናችን የሚያርፈው ፈሳሹን በሚያመላልሰው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ነው።

ግፊቱ ከየት ይመጣል? የውስጥ ስፋቱ 0.25 ሚሊሜትር በሆነ የ1 ሜትር ቱቦ ውስጥ ውኃ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ቢፈስ የሚያስፈልገው ግፊት 2 ባር እንኳ አይሞላም። ስፋቱ በግማሽ ቢቀነስ ግን በፑአዜይ ሕግ መሠረት ግፊቱ 16 እጥፍ ያድግና ወደ 28 ባር ይደርሳል። ዋናው ጫና ግን የሚመነጨው ከዓምዱ ነው፤ 200 ባር ቢጠይቅ አያስገርምም። ይህም ከባሕር ወለል እስከ ጅሬን ጋራ ከፍታ የቆመ የውኃ ዓምድ ከሚያሳርፈው ጫና ጋር ይቀራረባል። ውኃና ሜታኖል በእኩል ገደማ ሲቀላቀሉ ደግሞ ዝልግልግነታቸው ከሁለቱም ከየብቻቸው ይበልጣል፤ ግፊቱም አብሮ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው በፓምፑና በዓምዱ መካከል ያለው ቱቦ ነው። ከዓምዱ በኋላ ግፊቱ አብዛኛውን አልቋልና ቴፍሎን ይበቃል። ከፊት ለፊቱ ግን ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ያስፈልጋል። የፒክ የመሳብ ጥንካሬ 100 ሜጋፓስካል፣ ማለትም 1,000 ባር ገደማ ሲሆን፣ የቴፍሎን ከዚህ ሩብ አካባቢ ነው። ሁለቱም የውጭ ስፋታቸው 1.6 ሚሊሜትር ሊሆን ስለሚችል አንዱ የሌላውን ማያያዣ ልክ ይገጥማል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

የግድግዳው ውፍረትም ይፈርዳል። የውስጥ ስፋቱ 0.25 ሚሊሜትር ሲሆን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ከፈሳሹ ግፊት በ5 በመቶ ያህል ብቻ ይበልጣል፤ 1 ሚሊሜትር ሲሆን ግን 2.3 እጥፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ አምራቾች ለቀጭኑ የፒክ ቱቦ የሚፈቅዱት 350 ባር ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀት ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ ቴትራሃይድሮፉራንን የመሰለ ፈሳሽ ያሳብጠዋል፣ በእጅ የሚጠብቅ ማያያዣም ብዙ ጊዜ ቱቦው ከመፈንዳቱ በፊት ይለቀዋል።

ቡና በተለይ አስቸጋሪ ነው። በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያላለፈ የቡና ውኃ የዓምዱን አፍ ይደፍናል፤ ፓምፑ ደግሞ የታዘዘውን ፍሰት ለመጠበቅ ግፊቱን ከመጨመር አይመለስም። ፈሳሽ እንደ ጋዝ ስለማይታመቅ ቱቦው ቢሰነጠቅ እንደ ቦምብ አይፈነዳም፤ ነገር ግን የሚረጨው ቀጭን የሜታኖል ጅረት ለዓይን በቂ አደጋ ነው። ስለዚህ የፓምፑ የግፊት ጣሪያ የሚሞላው ለዓምዱ በተፈቀደው ቁጥር ሳይሆን፣ በመስመሩ ላይ ካሉት ሁሉ በደካማው ነው።