ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ በምን ይጫወት?

ከኮንሶ ተነሥቶ ወደ ጂንካ የሚጓዝ መንገደኛ ከደጋው ወርዶ የወይጦን ቆላ ይሻገራል። በዚህ ግራር በበዛበት አገር የፀማይ ሰዎች ከብት ያረባሉ፤ ማሽላም ይዘራሉ። የአንዲት እናት ምጥ ከወሩ ቀድሞ የመጣ እንደ ሆነ፣ እስከ ጂንካ ሆስፒታል ያለው መንገድ እጅግ ይረዝምባታል። ሕፃኑ ከሞት ሲተርፍ ዘመድ ሁሉ «ተመስገን» ይልና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም «የዚህ ልጅ አእምሮ እንዴት ይደግ?» የሚለው ነው።

ሐኪሞች «ያለ ቀኑ ተወለደ» የሚሉት 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በዓለም 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። በማሕፀን የሚያልፉት የመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንጎል በብርቱ የሚያድግባቸው ናቸው። ስለዚህ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ደኅና ቢያድጉም፣ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ልብን ሰብስቦ ማዳመጥ፣ የተነገረውን ይዞ መቆየት፣ በተለይም ሒሳብ ይከብዳቸዋል። መምህሩ የልጁን አወላለድ ሳይጠይቅ «ሰነፍ» ያለው እንደ ሆነ ግን፣ ይህ ስም ከበሽታ ይልቅ ይጎዳዋል።

ዛሬ «የቪዲዮ ጨዋታ አእምሮ ያሰላልና ስልክ ስጡት» የሚል ሰው አይጠፋም። አሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 አንድ የውጭ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ጨዋታና ትምህርት የተጫነባቸው ታብሌቶች በካርቶን እንደ ታሸጉ ሰጣቸው። ልጆቹ ያለ መምህር ካርቶኑን ከፍተው መሣሪያውን አስነሡ፤ ቆይተውም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር አስከፈቱት። ልጅ በጨዋታ የሚማር መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ነገር ግን መማር አንድ ነገር ነው፤ የደከመውን ማከም ሌላ ነው። በአውስትራሊያ ሐኪሞች 28 ሳምንት ሳይሞላቸው ወይም ከ1 ኪሎ በታች ሆነው የተወለዱ የ7 ዓመት ልጆችን በሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ክፍል ኮግሜድ የሚባለውን፣ የማስታወስ ችሎታን ያጠነክራል የተባለለትን የኮምፒዩተር ጨዋታ ሰጡ፤ ለሁለተኛው ክፍል እርሱን የሚመስል፣ ነገር ግን እያደር የማይከብድ ጨዋታ ሰጡ። 2 ዓመት ተከታትለው በ2018 እንደ ገለጹት፣ የፊተኞቹ በንባብም በሒሳብም ከኋለኞቹ አልበለጡም።

እንግዲህ የሚበጀው ምንድን ነው? መጀመሪያው የእናት ገላ ነው። ሕፃኑን በደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አሳርፎ ማሞቅና ጡት ማጥባት በ1978 በኮሎምቢያ፣ በቦጎታ ከተማ የተጀመረ ዘዴ ነው። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ይህንኑ መርምረው በ2005 እንዳሳተሙት፣ ዘዴው ቶሎ ከተጀመረላቸው አነስተኛ ክብደት ካላቸው ሕፃናት ከመቶ 22 ያህሉ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን ከመቶ 38ቱ ሞተዋል።

ሁለተኛው ከሰው ጋር መጫወት ነው። በጅማ ከተማ በከፋ ድህነት የሚኖሩ ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ በጨዋታ ማነቃቃት ዕድገታቸውን እንደሚረዳ የጅማ ተመራማሪዎች በ2018 አሳውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እንደ መከረው፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስልክና ቴሌቪዥን ፈጽሞ አይመልከት፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ።

ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ ገበጣ አለለት። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች ብዙ ዓይነት ገበጣ መኖሩን ዘርዝረዋል። ጉድጓዱ ከመሬት፣ ጠጠሩ ከወንዝ ይገኛል፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ገበጣ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን በልቡ ይይዛል፣ ተራውን ይጠብቃል፤ ከሁሉ በላይ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ፣ ሲሳሳት የሚያርመው፣ ሲረታ የሚስቅለት ሰው አለ። መኪናው ይህን አይሰጠውም።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ በወይጦ ወይም በሌላ ቆላ በመምህርነት ወይም በጸሐፊነት ትመደቡ ይሆናል። የተማረ ሰው ናችሁና ወላጆች ምክር ይጠይቋችኋል። ያን ጊዜ ለስልክ ብላችሁ ላም አታሸጡ። «ልጁ በስንተኛ ወሩ ተወለደ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩት፤ ከዚያም ጠጠር ልቀሙና አብራችሁት ተቀመጡ።