በረዶ የቀላቀለ ዝናብና የሰባተኛ አካባቢ ትራንስፖርት

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በአዲስ አበባ በበልግና በክረምት ወራት የሚጥል ኃይለኛ ዝናብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። በመንገዶችና በሕዝብ ትራንስፖርት ላይ የሚያደርሰው መስተጓጎል ግን እስከ ምሽት ሊዘልቅ ይችላል። ይህ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ገበያ አጠገብ የሚገኘው ሰባተኛ ነው። ግማሽ ሰዓት ያልሞላ ዝናብ ሰውን ሦስት ሰዓት ሰልፍ ላይ የሚያቆመው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከበረዶው ብዛት ይልቅ የጎርፍ መውረጃውንና የታክሲውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ስሙ

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይይዛል። እንደ ጠጠር ከደመና የሚወርደውም፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እንደ ጥጥ ቀስ እያለ የሚጥለውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። በደጋ አገር በጠዋት ሣሩ ላይ የሚታየው ግን አመዳይ ይባላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥጥ መሰሉን በረዶ ለመለየት «ስኖው» ይሉታል።

በአዲስ አበባ የሚጥለው ጠጠሩ በረዶ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ መንገዱና ጣሪያው ነጭ ሆኖ የሚነሡ ፎቶዎች ስኖው ቢመስሉም፣ ሲጠጉ የሚታዩት የአተር ወይም የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ጠጠሮች ናቸው። ስኖው በኢትዮጵያ አልፎ አልፎ የሚታየው እንደ ስሜን ተራሮች ባሉ በጣም ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በብሔራዊ ፓርኩ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ በቧሂት አጠገብ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ በረዶ በጣለ ቀን መኪና በነጭ መንገድ ላይ የሚነዳበት በአገሪቱ ካሉ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

በረዶው ሳይቀልጥ የሚደርሰው ለምንድን ነው?

በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርደው ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የበረዶው ጠጠር የሚሠራው ከዚያ በላይ፣ ወደ ላይ በሚነፍስ ኃይለኛ አየር ተይዞ በደመናው ውስጥ ሲጉላላ ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ጠጠሩ 4,500 ሜትር ያህል በሞቃት አየር ውስጥ መውረድ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ሆኖ ይደርሳል። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች የሚቀረው መንገድ ግማሽ ያህል ነው፤ ትንሹ ጠጠር እንኳ ቆርቆሮ ጣሪያ እስኪያንኳኳ ድረስ ይቆያል።

ሰዓቱም ከመንገዱ ችግር ጋር ይያያዛል። ኃይለኛ ደመና የሚገነባው ፀሐይዋ መሬቱን ከጠዋት ጀምሮ ስታሞቅ ቆይታ ስለሆነ በረዶው በብዛት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ገበያተኛው ዕቃውን ይዞ፣ ሠራተኛውና ተማሪው ከየቦታው ወጥቶ ወደ ቤት መመለስ ይጀምራል።

የቦታው አቀማመጥና ጎርፉ

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ አቃቂ ሜዳ ሲወረድ ከፍታው በብዙ መቶ ሜትሮች ይቀንሳል። በመርካቶና በሰባተኛ ላይ የዘነበው ውኃም ከላይ ከመጣው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ታች ይሄዳል። አካባቢው በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን የተሸፈነ ስለሆነ ውኃ የሚመጠው መሬት ብዙ የለም። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲጥል 100 ሜትር ኩብ ወይም 100,000 ሊትር ይሆናል። ይህም እያንዳንዳቸው 10,000 ሊትር የሚይዙ አሥር የውኃ ቦቴዎች በአንድ ጊዜ እንደተደፉ ማለት ነው።

ዝናብ ብቻ ቢሆን ቱቦው የተወሰነውን ይወስዳል። በረዶ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነገር ይመጣል። በረዶ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ተንሳፍፎም መንገድ ላይ የቆየውን ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ካርቶንና የጫት ገረባ እየገፋ ወደ ቱቦው አፍ ይወስዳል። እዚያ ሲደርስ ፍርግርጉ ላይ ይከመርና እንደ ግድብ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ከሥር ያለው ቱቦ ገና ሳይሞላ ከላይ ያለው መንገድ ይሞላል። በረዶው ከቀለጠ በኋላም ቆሻሻው ባለበት ስለሚቀር፣ ሰው እጁን ወይም እንጨት ሰድዶ ካልከፈተው ውኃው ቶሎ አይወርድም። በዝናብ ቀን በየመንገዱ ዳር ሱሪያቸውን ሰብስበው የቱቦ አፍ የሚጠርጉ ሰዎች የሚታዩትም ለዚህ ነው።

የቆመ ውኃ ደግሞ ጉድጓዱን ይደብቃል። ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ በጎርፍ ሥር አይታይም፤ መንገዱን የሚያውቅ አሽከርካሪ ቆሞ የፊተኛውን መኪና መንገድ ይጠብቃል፤ የማያውቀው ደግሞ ይገባበታል። ለእግረኛው አደጋው የባሰ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

የጎማው ጉዳይ በአንጻሩ አጭር ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት 9 ሜትር ያህል፣ በእርጥብ 16 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በረዶ በተነጠፈበት መንገድ ግን ከ30 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በሰባተኛ ዙሪያ ግን በሥራ ሰዓት ይህን ያህል የሚነዳበት ክፍት መንገድ ስለማይገኝ፣ መኪናውን የሚያቆመው ከመንሸራተቱ ይልቅ ከፊቱ የቆመው ሌላ መኪና ነው።

ታክሲውና ሰልፉ

የመርካቶ ዙሪያ የሕዝብ ትራንስፖርት በአንበሳና በሸገር የከተማ አውቶቡሶች፣ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች፣ በቅጥቅጥና በሃይገር እንዲሁም በቀላል ባቡር ይካሄዳል። በዚሁ መንገድ ላይ ዕቃ የጫነ አይሱዙ፣ የእጅ ጋሪና ጭነት የተሸከመ ወዛደር አብረው ያልፋሉ። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጡ ተሽከርካሪዎችም አሉ። ዶፍ ሲጀምር እግረኛው በየሱቁ በረንዳ ሥር ይጠለላል፣ ነጋዴው ዕቃውን በሸራና በላስቲክ ይሸፍናል፣ ጋሪው ባለበት ይቆማል። ውኃው የመንገዱን ዳርና ዳር ስለሚይዝ ተሽከርካሪው ሁሉ ወደ መሐል ይጨናነቃል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ቀላል ስሌት ያሳያል። በአንድ የታክሲ ተራ በደቂቃ 10 ሰው ወደ ሰልፉ ይመጣል፣ ታክሲዎቹም በደቂቃ 11 ሰው ይጭናሉ እንበል። በደኅና ቀን ሰልፉ አያድግም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በረዶ ጥሎ ለ30 ደቂቃ የሚጫነው ሰው በደቂቃ ወደ 4 ቢወርድ፣ በየደቂቃው 6 ሰው ይቀራል፤ በ10 ሰዓት ተኩል 180 ሰው ተሰልፏል ማለት ነው። ዝናቡ አባርቶ ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ቢሆን እንኳ ተራው በደቂቃ ማቃለል የሚችለው አንድ ትርፍ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ያን ሰልፍ ለመጨረስ 180 ደቂቃ ይወስዳል። የመጨረሻው ሰልፈኛ የሚጫነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰልፉን ያረዘመው የዝናቡ ርዝመት ሳይሆን በደኅናው ቀን የነበረው ትርፍ አቅም አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

እውነተኛው ሁኔታ ከስሌቱ ይከፋል። ሰልፉ ውስጥ በአዘቦት ቀን በእግር የሚሄደውም ይገባል። 12 ያህል ሰው የሚጭን ሚኒባስ ደርሶ መልሱን በ40 ደቂቃ ሲያደርግ የነበረው መንገዱ ተዘግቶ 80 ደቂቃ ከወሰደበት፣ አንድም መኪና ሳይበላሽ የወንበሩ ብዛት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አንዳንድ ሚኒባሶች ሞተሩ ውኃ እንዳይገባው ሥራ ያቆማሉ። ሌሎች ታፔላቸው ላይ የተጻፈውን መስመር ትተው አቆራርጠው ይጭናሉ፤ ተሳፋሪው በአንድ ሒሳብ ይሄድበት የነበረውን መንገድ ሁለት ጊዜ እየወረደና እየተሳፈረ፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በዚህ ጉዳይ በተሳፋሪና በረዳት መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ የዝናብ ቀን መለያ ሆኗል። ረዳቱም የራሱ ምክንያት አለው፦ ረጅሙ መስመር በጎርፍ ቀን ነዳጅ እየፈጀ ገቢውን ይቀንስበታል። ኪሳራው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ግን ሰፈሩ ሩቅ በሆነው ሰው ላይ ነው።

ቀላል ባቡሩ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ሁለቱ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ 39 ጣቢያዎችም አሏቸው። ሰባተኛ በሰሜን ደቡብ መስመር ላይ በአውቶቡስ ተራና በአብነት ጣቢያዎች መካከል ይገኛል።

ባቡሩ የራሱ ሐዲድ ስላለው በመኪና መጨናነቅ አይያዝም፤ ስለዚህ መንገዱ ሲዘጋ ሰው ወደ ጣቢያው ይጎርፋል። ሆኖም የሚሠራው በራስ ላይ በተዘረጋ የ750 ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር በመሆኑ መብራት ከጠፋ ይቆማል። ሲጀመር ከነበሩት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ መውጣታቸውም ትርፍ አቅሙን አሳንሶታል። በሌላ በኩል በመሬት ላይ የሚሄደው የሐዲዱ ክፍል በአጥር የተከለለ ስለሆነ መንገዱን ለሁለት ይከፍላል፤ ውኃ ከያዘው ወገን ወደ ሌላው ለመሻገር እግረኛው መሻገሪያ እስኪያገኝ ድረስ በጎርፉ ውስጥ መሄድ ይኖርበታል።

በሌሎች ከተሞች

ትንሽ በረዶ ትልቅ ከተማን ማቆሙ በሀብታም አገሮችም የታወቀ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው ዋሽንግተን ዲሲ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2016 ማታ የጣለው ስኖው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ቀኑ ጥር 11 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት ነበር። መንገዶቹ አስቀድሞ ጨው ስላልተነሰነሰባቸው ወደ መስታወትነት ተለወጡ፤ አሽከርካሪዎች ለሰዓታት መንገድ ላይ ቀሩ፤ የፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አጀብ ሳይቀር ተጓተተ። በማግሥቱ ከንቲባ ሙርየል ባውዘር ይቅርታ ጠየቁ።

ለሰባተኛ የበለጠ የሚቀርበው ግን የአትላንታ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 (ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም.) ከተማዋ ላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስኖው ጣለ። ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሁሉም እኩለ ቀን አካባቢ ሰዉን በአንድ ጊዜ ለቀቁት። መንገዱ ሞላ፤ ጨው የሚነሰንሱት መኪኖችም በዚያው ሰልፍ ተያዙ። ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ፣ ሕፃናት በትምህርት ቤታቸው አደሩ። ከንቲባው ካሲም ሪድ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ መለቀቁ ስሕተት እንደነበረ ተናግረዋል።

የሚደረጉ ጥረቶች

በአዲስ አበባ በረዶው በራሱ ስለሚቀልጥ ጨው መነስነስ አያስፈልግም፤ ሥራው ቱቦ ላይ ነው። የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ክረምት ከመግባቱ በፊት የጎርፍ መውረጃዎችን ያስጠርጋል፤ ቆሻሻ በቱቦ ውስጥ እንዳይጣልም በየጊዜው ያሳስባል። በገበያ አካባቢ ግን ከጽዳቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ፍርግርጉ እንደገና ሊደፈን ይችላል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፌስታል አጠቃቀምን ከልክሏል። ይህ በትክክል ከተፈጸመ የቱቦውን አፍ ከሚደፍኑት ነገሮች ዋናውን ይቀንሳል፤ ካርቶኑና ገረባው ግን ይቀራሉ።

የታክሲ ስምሪቱ ለዝናብ ቀን የሚሆን ትርፍ ከየት ያገኛል የሚለው የበለጠ ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግና የክረምት ትንበያ ይሰጣል፤ በረዶ የሚጥለው ደመና ግን ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ብቻ ሸፍኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሠርቶ የሚያልቅ ስለሆነ በየትኛው ሰፈር እንደሚወርድ ከቀናት በፊት መናገር አይቻልም። መርካቶ ላይ በረዶ ሲጥል ቦሌ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ቦሌ ያለው አውቶቡስ ወደ መርካቶ እንዲዞር የሚያዝ ሰው የሚያስፈልገው መረጃ አንድ ብቻ ነው፤ ሰባተኛ ላይ ሰልፉ ማደግ መጀመሩን።