ጨረቃ ደርሶ የሚመለስ ብርሃን

የቆመን ነገር ርቀት በሌዘር መለካት ዛሬ የግንበኛ የዕለት ሥራ ሆኗል። ብርሃን ይላካል፣ ከግድግዳው ነጥሮ ይመለሳል፣ ሜትሩ ይነበባል። ጣጣው የሚመጣው የሚለካው ነገር አልቆም ሲል ነው። ጨረቃ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ለኪው ያለባት ምድርም ትዞራለች። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የአፓቼ ፖይንት የከዋክብት ማጥኛ ርቀቷን ሚሊ ሜትር ሳይቀር ይለካል።

ጨረቃ ላይ ብርሃኑን የሚመልሰው ዕቃ ሲያዩት ተራ ነገር ነው። አርምስትሮንግና ኦልድሪን እ.ኤ.አ. በ1969 ትተውት የመጡት ሰሌዳ ጎኑ 46 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ 3.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 100 የመስታወት ጥጎች ተደርድረውበታል። ተራ መስታወት ቢሆን ኖሮ ልክ ወደ ምድር ካልዞረ ብርሃኑን ወዲያ ይወረውረው ነበር። ሦስት ገጾች በቀጤ ማዕዘን የሚገናኙበት ጥግ ግን ብርሃኑ ከየትም ይምጣ በመጣበት ይመልሰዋል። ባትሪ የለው፣ የሚሽከረከር ነገር የለው፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ያገለግላል።

አስቸጋሪው የሚመለሰውን ብርሃን መያዝ ነው። 3.5 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ በሰከንድ 20 ጊዜ አረንጓዴ ብልጭታ ይተኮሳል። በእያንዳንዱ ብልጭታ ውስጥ ያሉት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ ቁጥራቸው ከ3 ቀጥሎ 17 ዜሮ ነው። ጨረሩ ጨረቃ ሲደርስ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ሰሌዳው ላይ የሚያርፈው ከ30 ሚሊዮን ፎቶን አንዱ ገደማ ነው። የተመለሰውም ምድር ሲደርስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተበትኖ ነው። ሲሳካ እንኳ ከአንድ ብልጭታ የሚያዘው አንድ ወይም ጥቂት ፎቶን ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ ያበራችው የጨረቃ ገጽ የራሱን ብርሃን ያለማቋረጥ ያፈስሳል።

ታዲያ የራስን ፎቶን ከባዳው እንዴት መለየት ይቻላል? አንደኛው መንገድ ቀለሙ ነው፤ ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። ብርሃኑ ደርሶ ለመመለስ 2.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ፎቶኑን የሚይዘው መሣሪያ ክፍት ሆኖ ሲጠብቅ አይውልም፤ ፎቶኑ ይደርሳል ተብሎ በተሰላበት ቅጽበት ለመቶ ናኖሰከንድ ያህል ብቻ ይከፈታል። በአንድ ናኖሰከንድ ብርሃን የሚሄደው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ጨረቃ የት እንዳለች አስቀድሞ በደንብ ያላወቀ ሰው ርቀቷን ሊለካ አይችልም። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ነው።

የተገኘውም ቁጥር ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ቴሌስኮፑ የተተከለበት ዓለት ራሱ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ውስጥ በአሥር ሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያም ከሂሳቡ መግባት አለበት። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ነው ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ከእኛ እንደምትርቅ የታወቀው። ከአንዷ የመስታወት ጥግ ስፋት ጋር እኩል መሆኑ አጋጣሚ ነው።

እንዲህ ያለ አንጸባራቂ ጨረቃ ላይ ይዛ የሄደችው ሉኖኮድ 1 የተባለች የሶቪየት ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ድምፅዋ ከጠፋ በኋላ ትክክለኛ ቦታዋ አልታወቀም ነበር። በ2010 ጨረቃን የምትዞር መንኮራኩር ፎቶ አነሳቻት፤ የአፓቼ ፖይንት ሰዎች ጨረሩን ወደዚያ ቢያዞሩት ጠንካራ ምላሽ አገኙ፤ አንጸባራቂዋ ለአርባ ዓመት ያህል ሳይነካ ደህና ኖሯል።

አሁን ልኬቱን ወደ ኋላ የሚጎትተው ሰሌዳው ነው። ጨረቃ ለእኛ በትንሹ ወዲያና ወዲህ ስለምትወዛወዝ ሰሌዳው ያዘነብላል፤ ከቅርቡ ጥግ የሚመለሰው ብርሃን ከሩቁ ይቀድማል፣ ፎቶኑ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ብሉ ጎስት የተባለችው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ያረፈችው ለዚህ መፍትሔ የሚሆነውን ይዛ ነው፤ በመቶ ትናንሽ ጥጎች ፈንታ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጥግ ብቻ።