ያለዕድሜ የሚከሰት እርጅናና የዲኤንኤ ጥገና፦ ምንነት፣ ምልክቶችና ጥንቃቄ

እርጅና በዕድሜ ሂደት የሚመጣ ተፈጥሯዊ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ በጥቂት ሰዎች ላይ የእርጅና ምልክቶች በልጅነት ወይም በወጣትነት ዕድሜ ይታያሉ። ከእነዚህ ሕመሞች መካከል በርካታዎቹ የሚመነጩት የሰውነት ሴሎች በዲኤንኤ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በአግባቡ መጠገን ሲሳናቸው ነው። ሕመሞቹ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ቢሆኑም፣ ሳይታወቁ ከቆዩ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ የተለመደ መድኃኒት እንኳ የታማሚውን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

የፕሮቲኖች ቅንጅት

ዲኤንኤ የሰውነት አሠራር መመሪያ የሚገኝበት፣ በሁለት የተጠማዘዙ ክሮች የተገነባ ንጥረ ነገር ነው። በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር፣ በትምባሆ ጭስ እንዲሁም ሴሉ ኃይል ሲያመነጭ በሚፈጠሩ ተረፈ ምርቶች ምክንያት በየዕለቱ ይጎዳል። ጉዳቱን የሚጠግኑት በቅብብሎሽ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ፕሮቲን ጉዳቱ ያለበትን ስፍራ ይለያል፤ ሌላው የተጠማዘዙትን ክሮች ይፈታል፤ ሌሎች የተበላሸውን ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ፤ ቀሪዎቹ ክፍተቱን ሞልተው ያያይዛሉ። እያንዳንዱ ቀጣዩን ወደ ስፍራው ስለሚጠራ፣ አንዱ ሲጓደል ሌሎቹ ቢኖሩም ሥራው ይሰናከላል። የጥገናውን ሂደት በዝርዝር ያሳዩት ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የኮኬይን ሕመም

ይህ ሕመም ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ሕመሙ ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ኤድዋርድ ኮኬይን ነው። መንስኤው ሲኤስኤ ወይም ሲኤስቢ የተባለው ፕሮቲን መጓደል ነው። ሁለቱ ፕሮቲኖች ዲኤንኤን የሚያነበው የሴል አካል ጉዳት ላይ ደርሶ ሲቆም፣ ጠጋኝ ፕሮቲኖችን ወደ ስፍራው የሚጠሩ ናቸው። በአብዛኛዎቹ ሕፃናት ላይ ሕመሙ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ዋና ዋና ምልክቶቹ፦

• የቁመት፣ የክብደትና የጭንቅላት መጠን ዕድገት መገታት
• የዓይን ወደ ውስጥ መጎድጎድና የፊት መክሳት
• ቆዳ በአጭር ጊዜ የፀሐይ ብርሃን መቃጠል
• የመስማትና የማየት አቅም እየቀነሰ መሄድ
• የአእምሮ ዕድገት መዘግየት፣ ሲራመዱ ሚዛን ማጣትና የጥርስ መበስበስ

የዕድገት መገታት በአብዛኛው የሚከሰተው በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ስለሆነ አንድ ምልክት ብቻውን ይህን ሕመም አያመለክትም። ሆኖም ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ተደራርበው ሲታዩና ሕፃኑ በቂ ምግብ እያገኘም ዕድገቱ ካልተሻሻለ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

የዌርነር ሕመም

ጀርመናዊው ኦቶ ዌርነር እ.ኤ.አ. በ1904 የገለጸው ይህ ሕመም የሚታየው በወጣትነት ነው። መንስኤው እ.ኤ.አ. በ1996 በተለየ አንድ ዘረመል ላይ የሚከሰት ጉድለት ነው። ከዚህ ዘረመል የሚገኘው ፕሮቲን የዲኤንኤ ክሮችን የሚፈታ ሲሆን፣ የተሰበረ ዲኤንኤን ከሚያያይዙና የክሮሞዞም ጫፎችን ከሚጠብቁ ፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ታማሚዎች በጉርምስና ወቅት የሚጠበቀውን ዕድገት አያሳዩም። በ20ዎቹ ዕድሜ ሽበት፣ የፀጉር መመለጥና የድምፅ መሻከር፣ በ30ዎቹ ዕድሜ ደግሞ በሁለቱም ዓይኖች ላይ የሞራ ግርዶሽ፣ የስኳር ሕመም፣ የአጥንት መሳሳትና በቁርጭምጭሚት አካባቢ የማይድን ቁስል ሊታይ ይችላል። የልብ ሕመምና ካንሰርም ያለጊዜያቸው ይከሰታሉ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መድኃኒት

ለአሜባና ለጃርዲያ ሕክምና በስፋት የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል የኮኬይን ሕመም ላለበት ሰው ሊሰጥ አይገባም። መድኃኒቱ በእነዚህ ታማሚዎች ላይ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሞት የሚዳርግ የጉበት ጉዳት አስከትሏል። ስለሆነም ሕመሙ ያለበት ወይም የሚጠረጠርበት ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት ገዝቶ መስጠት አይገባም። ወላጆችም ሕመሙን ለሐኪሙና ለመድኃኒት ቤት ባለሙያው አስቀድመው ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

የሕመሞቹ አወራረስ

ሁለቱም ሕመሞች የሚወረሱት ከእናትም ከአባትም ነው። ወላጆቹ ጤነኞች ሆነው አንድ አንድ የተዛባ ዘረመል ሲይዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በሥጋ ዘመዳሞች መካከል የሚፈጸም ጋብቻ ይህን ዕድል ይጨምራል። ሕመሞቹ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም፤ የእርግማን ወይም የእናት ጥፋት ውጤትም አይደሉም። በመሆኑም ታማሚዎችን ማግለል ተገቢ አይደለም።

ሕክምናና የአገልግሎት አካሄድ

ሕመሞቹን ከሥር የሚፈውስ ሕክምና እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የስኳር ሕመምን መቆጣጠር፣ መስማትን በመሣሪያ ማገዝ፣ የተመጣጠነ ምግብና ፊዚዮቴራፒ የታማሚውን ኑሮ ያሻሽላሉ። ለፀሐይ የሚሳሳ ቆዳ ያላቸው ታማሚዎች፣ በተለይ ጨረሩ በሚበረታበት ደጋ አካባቢ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ ሊጠቀሙ ይገባል።

ምልክቶቹን ያስተዋሉ ቤተሰቦች፦

• በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ፣
• የሕፃኑን የዕድገት መከታተያና የክትባት ካርድ፣ እንዲሁም ቀደም ሲል የተወሰዱ መድኃኒቶችን ዝርዝር መያዝ፣
• በቤተሰቡ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ወይም በሕፃንነት የሞተ ልጅ ካለ ለባለሙያው መግለጽ፣
• የሪፈር ወረቀት ሲሰጣቸው ሳይዘገዩ ወደተላኩበት ሆስፒታል መሄድ ይጠበቅባቸዋል።