የድሮ ፋብሪካ፣ የዛሬ ዕቃ ማከፋፈያ

ፓሪስ ውስጥ፣ ከሉቭር ሙዚየም ብዙም ሳይርቅ የቆመው ትልቅ ፖስታ ቤት ከውጭ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ይመስላል። ውስጡ ግን ፋብሪካ ነበር። አርክቴክቱ ዡልየን ጓዴ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሲያሠራው ከድንጋዩ ግድግዳ በስተጀርባ ያቆመው የብረት ምሰሶና አግዳሚ ነው፤ የፖስታ ከረጢት ክምር የሚሸከም ወለልና ሰፊ አዳራሽ የተገኘውም በዚህ ነው። በ2012 የእድሳት ውድድሩን ዶሚኒክ ፔሮ አሸነፈ። ሕንፃው እንደገና ሲከፈት ሆቴል፣ ቢሮ፣ ሱቅ፣ የሕፃናት ማቆያና መኖሪያ ቤት ይዟል። የፈረንሳይ ፖስታም ለደንበኞች አገልግሎት መስጫውንና የዕቃ ማከፋፈያውን እዚያው አስቀርቷል።

ይህ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ባለፉት አሥርት ዓመታት መጋዘኖች ርካሽ መሬት ፍለጋ ከከተማ ሲወጡ ኖረዋል። በፓሪስ አካባቢ በ1974 እና በ2008 መካከል የጥቅል ዕቃ ማከፋፈያዎች ከመሀል ከተማ ያላቸው ርቀት በአማካይ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨምሯል። ዕቃው የሚፈለገው ግን አሁንም መሀል ከተማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና ገና አንድ ጥቅል ሳያደርስ ረጅም መንገድ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ይጓዛል።

መሀል ከተማ ያለ አሮጌ ሕንፃ ይህን ጉዞ ለሁለት ይከፍለዋል። ትልቁ የጭነት መኪና መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ንጋት ላይ፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ያራግፋል። ዕቃው በየሰፈሩ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አጭር መንገድ ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎችና የጭነት ብስክሌቶች ይጨርሱታል። ክሮኖፖስት የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት በ2005 በኮንኮርድ አደባባይ ሥር፣ በ2013 ደግሞ በቦግረኔል ሰፈር እንዲህ ያሉ ማከፋፈያዎችን ከፍቷል። ሁለቱም ቀድሞ የመኪና ማቆሚያ ነበሩ፤ የቦግረኔሉ ስፋት 3,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

ይሁንና ያረጀ ሁሉ ለዚህ ሥራ ይበጃል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚመረመረው ወለሉ ነው። ከባድ ማሽን የተሸከመ የፋብሪካ ወለል ለዕቃ መደርደሪያም ሆነ ለፎርክሊፍት አያንስም፤ ለቤት መኪና ብቻ የተሠራ ሶሌታ ግን በቀላሉ አይታመንም። ቀጥሎ በሩና ጣሪያው ይታያሉ። የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ስለሆነ የጭነት መኪና አያስገባም፤ መኪናው ውጭ ቆሞ ካራገፈ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል፣ ጎረቤትም በጫጫታው ይማረራል። የምሰሶዎቹ ርቀት መኪና እንዲዞር ካልፈቀደ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ እየነዳ ይውላል።

ዓይን የማያየውም ችግር አለ። አሮጌ ሕንፃ አስቤስቶስና የእርሳስ ቀለም፣ አፈሩም የማሽን ዘይት ሊኖረው ይችላል፤ እነዚህን ማጽዳት ከግንባታው በፊት ገንዘብ ይበላል። ያልተሸፈነ ብረት ወደ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የጥንካሬውን ግማሽ ገደማ ያጣል፤ ባትሪ የሚሞላበት ቤት ሲሆን የእሳት መከላከያው ዋዛ አይደለም። ሃያ ሠላሳ መኪና ሌሊት አንድ ላይ ቻርጅ ሲደረግ የድሮው የኤሌክትሪክ መስመር ስለማይችል አዲስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ታዲያ አፍርሶ አዲስ መሥራት አይሻልም? ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከሲሚንቶ ምርት ነው። የቆመውን መሠረት፣ ምሰሶና ወለል ማትረፍ ይህን የካርቦን ወጪ ለሁለተኛ ጊዜ ከመክፈል ያድናል። ሰፊው የፋብሪካ ጣሪያ ክብደቱን ከቻለ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይሆናል። በነዳጅ የሚሄዱ መኪኖች እንደ ልባቸው የሚመላለሱበት ማከፋፈያ ግን፣ ጣሪያው በሶላር ቢሸፈንም፣ አረንጓዴ ሊባል አይገባውም።

ከሁሉ የሚከብደው ኪራይ ነው። መሀል ከተማ ላይ የመጋዘን ኪራይ ከሆቴልና ከቢሮ ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም። የፖስታ ቤቱ ሕንፃ መፍትሔ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ነው። ፓሪስ በዚህ ብቻ አልተወሰነችም፤ በ2016 ባሻሻለችው የከተማ ፕላን ለዕቃ ማከፋፈያ የሚውሉ ቦታዎችን ለይታ ከልላለች። ቦታውን ለገበያ ብቻ የሚተው ከተማ ግን ምንም ያህል አሮጌ ፋብሪካ ቢኖረው ማከፋፈያ አያገኝበትም።