ከአንድ እፍኝ የጥድ ፍሬ

አንባቢ ሆይ፤ በሚመጣው እሑድ ወደ አንድ የደጋ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ቢሉ፥ በቅጽሩ ውስጥ ከቆሙት ታላላቅ ጥዶች ሥር ጎንበስ ብለው መሬቱን ይመልከቱ። የሚፈልጉት ጣት የምታህል የጥድ ቡቃያ ነው። በብዙ ስፍራ አያገኙም። ሽማግሌዎቹ ዛፎች አሉ፤ ልጆቻቸው ግን የሉም። ከብት ገብቶ ይረግጣቸዋል፤ ፍየል ይቀጥፋቸዋል።

ይህ ለምን ያሳስባል ቢሉ፥ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከወደቀ ጉቶው ደርቆ ይቀራል። እስከ 40 ሜትር የሚያድገው፥ ምስጥ የማይደፍረው፥ አባቶቻችን ለምሰሶና ለአጥር የመረጡት ይህ ዛፍ የሚተካው ዘሩ ሲበቅል ነው።

የምናገረው ስለ ሐበሻው ጥድ መሆኑን ልብ ይበሉ። የፈረንጅ ጥድ የምንለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሲሆን ያለ ብዙ ድካም ይበቅላል፤ በየትምህርት ቤቱ ግቢ የበዛውም ስለዚህ ነው። የእኛው ግን ኩሩ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ይፈልጋል።

ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቲቱ በየራሳቸው ዛፍ ናቸው (ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይሥቃሉ)። ፍሬ የምትይዘው ሴቲቱ ናት። ፍሬዋ ሽምብራ የምታህል ወይም ከዚያ ያነሰች ሆና፥ ሳትበስል አረንጓዴ ናት፤ ስትበስል ጠቈር ያለ ሰማያዊ መልክ ይዛ አመድ የነሰነሱባት ትመስላለች። በውስጧ ከ1 እስከ 4 ዘር ይገኛል። እንግዲህ ገበዙን አስፈቅደው፥ የበሰለውን ከቅርንጫፉ ይልቀሙ። ለብቻዋ ከቆመች ዛፍ ግን አይልቀሙ፤ ወንዱ በአቅራቢያዋ ከሌለ ዘሯ ባዶ ቅርፊት ይሆናልና።

በዱር ሥጋውን ከዘሩ የሚለዩት ወፎች ናቸው፤ ፍሬውን በልተው ዘሩን ርቀው ይጥሉታል። እርስዎ የወፍን ሥራ በሙቀጫ ይሠራሉ። ፍሬውን አድርቀው፥ ዘሩ እንዳይሰበር ቀስ ብለው ይውቀጡትና በውሃ ያሹት። ከዚያ ውሃ በሞላ ሣህን ውስጥ ይጨምሩት። የሚንሳፈፈው ባዶ ነውና ይድፉት፤ የሰጠመውን ይያዙ። ብዙው ቢንሳፈፍ አይዘኑ፤ የጥድ ጠባይ ነው።

መደቡን አሸዋና የደን አፈር ቀላቅለው ያዘጋጁ። ዘሩ ከራሱ ውፍረት እምብዛም በማይበልጥ አፈር ይሸፈን፤ ሣር ይጐዝጐዝበት፤ ጥላም ይደረግለት። ጧትና ማታ በስሱ ያጠጡ። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወር ሙሉ ምንም ላይታይ ይችላል፤ አንዳንዱ ሁለት ወርም ይቈያል። መደቡ ባዶ መስሎ ሲታይ ውሃውን የሚያቋርጥ ሰው፥ ሊበቅል የተዘጋጀውን ዘር በገዛ እጁ ያደርቀዋል። ሲበቅልም አረም መስሎዎት እንዳይነቅሉት፤ የሕፃኑ ቅጠል እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ቅርፊት የሚለጠፈው ቅጠል የሚመጣው ዛፉ ሲጐለምስ ነው።

«እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ብሠራ ነገ ጎባ እዛወራለሁ፤ ለማን እተክላለሁ?» ይሉኝ ይሆናል። በታሪክ እንደሚነገረው፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ተራራ ላይ አስዘሩ። ንጉሡ ደኑን አላዩትም፤ ዛሬ በመናገሻ ሱባ ጥላ የምናርፈው ግን እኛ ነን። ደግሞም እርስዎ ዛፉን እስኪያረጅ መጠበቅ የለብዎትም። ከእርስዎ የሚፈለገው ችግኙን በከረጢት አዛውሮ አንድ ዓመት ያህል መንከባከብ ነው፤ አንድ የመሥሪያ ቤት ግቢ ጥግ ይበቃዋል።

ክረምቱ ሲጠና፥ በሐምሌ ወር፥ ችግኞቹን ይዘው ፍሬውን ወደ ለቀሙበት ደብር ይመለሱ። በአሮጌዎቹ ጥላ ሥር ሳይሆን ብርሃን በሚያገኝ ገላጣ ስፍራ ይትከሉ። በያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ እሾኽ ይጠር፤ ፍየሉን ደግሞ የሚያባርር የቆሎ ተማሪ አይጠፋም።